ቅዳሜ የሚላላ፣ እሁድ የሚጠብቅ ፍሬን

አማቴ የሳይክሌን ፍሬን ሊሠሩልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይመጡ ነበር። ፍሬኑ ግን ምንም አልሆነም። የሚበላሸው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው።

አማቴ ስል የባለቤቴን አባት ማለቴ ነው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ስንት ዘመን ተሳቢ እየጎተቱ አሰብ ተመላልሰዋል። ስለ ፍሬን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው በኮልፌ የለም፤ ካለም እሳቸው ፊት ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ታርማበርን ፍሬን ሳይነኩ በማርሽ ብቻ እንደሚወርዱት ያልሰማ የቤተሰባችን አባል ገና ያልተወለደው ብቻ ነው። እኔ ታሪኩን የሰማሁት ባገባሁ በሳምንቴ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ታርማበር ዳገት ይሁን ቁልቁለት እስኪጠፋኝ ድረስ ተደግሞልኛል።

ሳይክሉን የገዛሁት የታክሲ ሰልፍ አንገሽግሾኝ ነው። የምንኖረው ከአየር ጤና ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ቤቴል፣ አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ። መንገዱስ ይህን ያህል አይደለም፤ የሚያስረጀው ሰልፉ ነው። በየጠዋቱ ከፊቴ የቆመውን ሰው ማጅራት ሳጠና ኖሬ ኖሬ፣ አንድ ቀን በአርባ ሦስት ዓመቴ ያገለገለ ሳይክል ገዝቼ እየገፋሁ ቤት ገባሁ። ልጅ ሆኜ የወንድሜን እየደበቅኩ ስነዳ ስላደግኩ መንዳቱ አልጠፋኝም። ሰፈሩ ግን ጉድ አለ። የመጀመሪያውን ሳምንት የማዕዘን ተቀማጮች ሁሉ "እህት! ጎማው ይዞራል!" እያሉ ሸኙኝ። ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ደግሞ ነጠል አድርጋ ወስዳ "ደሞዝ አቆሙባችሁ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከልቧ ነበር ያዘነችልኝ።

ባለቤቴ አልከለከለም፤ አልፈቀደምም። የእሱ ሃይማኖት "ዝም አይነቅዝም" ነው። እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጉዳዩን ለአባቱ መራው። አማቴም መጥተው ሳይክሉን ሁለት ጊዜ ዞሩት፣ ኮርቻውን መታ መታ አደረጉት፣ ከዚያ "መንዳቷን አልቃወምም፤ ፍሬኑን ግን እኔ ነኝ የማየው" አሉ። ባለቤቴ "አባባ ካዩት እሺ" አለ። በዚህ ፊርማና ማህተም መንዳት ጀመርኩ።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነበር። አማቴ ፍሬኑን እስካዩልኝ ድረስ እነዳለሁ፤ የተቀየሙ ቀን ሳይክሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። እኔ ደግሞ ሳይክሉን በጣም እፈልገዋለሁ። ሥራ ቦታዬ ላቤን እየጠረግኩ፣ ማንንም ሳልለምን፣ ማንም ሳይገፈትረኝ በራሴ ሰዓት መድረስን ቀምሼዋለሁ፤ አንዴ ከቀመስኩት ሰልፍ ላይ የሚመልሰኝ የለም። እሳቸውንም ማጣት አልፈልግም። እናትና አባቴ ካለፉ ወዲህ "ምሳ በላሽ ወይ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሽማግሌ የቀረኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሁለቱንም ይዤ ለመኖር ቆርጬ ተነሳሁ።

ቅዳሜ ሲደርስ መሣሪያቸውን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለው ከቤታቸው፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ይመጣሉ። በርጩማ አቀርባለሁ፤ ሻይ አመጣለሁ። ሳይክሉን ገልብጠው በመሪውና በኮርቻው ያቆሙታል፤ ጎማውን ያሽከረክሩና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡታል። ሐኪም እንኳ እንደዚያ አያዳምጥም፤ ክሊኒክ ውስጥ ስለምውል አውቃለሁ። ከዚያ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "ይኼ ነገር..." ይላሉ። ዐረፍተ ነገሩ አንድም ቀን ተጨርሶ አያውቅም።

የአማቴ ሳይንስ የሚያርፈው በአንድ እምነት ላይ ነው፦ የፊት ፍሬን ሰው ይደፋል። ሳይክል ነድተው አያውቁም፤ ሲደፋ ያዩት ሰው ግን አለ፣ በድሮ ጊዜ፣ አሰብ መንገድ ላይ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያደርጉት የፊቱን ፍሬን ማላላት ነው። ካቦ የሚባለው ቀጭን የሽቦ ገመድ መሪው ላይ ካለው እጀታ ተነስቶ ጎማው ጋ ያሉትን ሁለት ክንዶች ይስባል፤ ክንዶቹ ላይ ያሉት የፍሬን ጎማዎች ደግሞ የቸርኬውን ብረት ግራና ቀኝ ይነክሱታል። ካቦውን ቆንጥጦ የሚይዘው አንድ ትንሽ ዳዶ ነው። አማቴ ያን ዳዶ ይፈቱና ካቦውን ጣት ያህል ለቀቅ አድርገው መልሰው ያስሩታል። ከዚያ በኋላ እጀታውን ብጨብጥ ባልጨብጥ ለውጥ የለውም። "ለጌጥ ይኑር" ይላሉ።

ቀጥሎ ወደ ኋላው ይዞራሉ። የኋላውን ያጠብቁታል፣ ያጠብቁታል፣ አሁንም ያጠብቁታል፤ በመጨረሻ ጎማው በእጅ ተገፍቶም አልዞር ሲል "እንዲህ ነው ፍሬን!" ብለው ፒንሳቸውን ያስቀምጣሉ። እንግዲህ ይህን ሳይክል መንዳት ወፍጮ በእግር ከማዞር አይተናነስም።

አንድ ጊዜ ደፍሬ፣ "አባባ፣ ቁልቁለት ላይ እኮ ይበልጥ የሚይዘው የፊቱ ነው ይላሉ" አልኳቸው።

"ማነው የሚለው?"

"ስልክ ላይ ያየሁት ቪዲዮ..."

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ልጄ፣ ስልክሽ አሰብ ሄዶ ያውቃል?"

ስልኬ አሰብ ሄዶ አያውቅም። ሻያቸውን ደገምኩላቸው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባለቤቴ ኳስ ሊያይ ይቀመጣል፤ እኔ የአስር ቁልፍ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ይዤ ደጅ እወጣለሁ። መጀመሪያ ቸርኬውን አልኮል በነካ ጨርቅ እወለውለዋለሁ፤ አማቴ የነኩት ነገር ሁሉ ግራሶ አለበት። የኋላውን ጎማው እስኪዞር አላላለሁ። ከዚያ የፊቱን ዳዶ ፈትቼ ክንዶቹን በአንድ እጄ ጨብጬ፣ ካቦውን በፒንሳ ሳብ አድርጌ፣ መልሼ አስራለሁ። የፍሬን ጎማዎቹ ብረቱን እንጂ የሳይክሉን ጎማ እንዳይነኩ ዐይኔን አጠገባቸው አድርጌ አያለሁ። አንዱ ወገን ቀድሞ ከነካ የዚያን ወገን ሞላ የምታጠብቅ ትንሽ ብሎን አለች፤ እሷን ሩብ ዙር ያህል ነካ አደርጋለሁ። ውሎዬ ጠብታ ስቆጥር ነውና እንዲህ ያለ ሥራ ነፍሴ ነው። እጀታውን ጨብጬ ሳይክሉን ወደ ፊት ስገፋው የኋላው ጎማ ብድግ ሲል፣ ያ ደስታ ከሳምንቱ ሁሉ ይበልጥብኝ ነበር።

"አባባ ትናንት ሠርተውት የለ?" ይላል ባለቤቴ ከውስጥ፣ ዐይኑን ከኳሱ ሳይነቅል።

"አዎ፣ ልወለውለው ነው።"

ቅዳሜ ሲመጣ አማቴ ያላላሉ። እሁድ ሲመጣ እኔ አጠብቃለሁ። ከመስከረም እስከ ጥር እንዲህ ሆነን ዘለቅን። በልቤ እንዴት እንደኮራሁ ልነግራችሁ አልችልም። ሳይክሉንም ሽማግሌውንም ይዤአለሁ፤ ማንም አልተቀየመም፤ እኔን የመሰለች ዘዴኛ ምራት ከየት ይገኛል? አንድ እሁድ ከካቦው ጫፍ የተበጠሰች ቀጭን ሽቦ ጣቴን ወጋችኝ። ደሜን ጠረግኩና የተበጣጠሰውን ጫፍ በፒንሳ ቆርጬ ጣልኩት። በሥራዬ ቀን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ስንት ጥቃቅን ነገር ሳይ የምውል ሰው፣ እዚያ ላይ ጎንበስ ብዬ አላየሁም።

ጥር ውስጥ አንድ ሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ ከቤታችን ወደ አስፋልቱ የሚወርደውን የኮብልስቶን ቁልቁለት ይዤ ስወርድ፣ ከቅያስ ውስጥ አንድ ታክሲ በቂጡ ወጣ። ሁለቱንም ፍሬን ጨበጥኩ። ከፊት በኩል "ጧ!" አለና እጀታው ባዶውን ከመሪው ጋር ገጠመ። የኋላው ይዟል፤ ጎማው ግን ቆሞ ድንጋዩ ላይ ይንሸራተታል። ታክሲው እየቀረበ መጣ፤ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አፉን ሲከፍት አየሁት። የዚያን ጊዜ ያሰብኩትን ልናገር፦ ሞትኩ ብዬ አላሰብኩም። "አሁን ሳይክሉን ሊያስቆሙኝ ነው" ነው ያልኩት።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ አንድ ጎረቤታችን ቤት እሠራለሁ ብሎ መንገዱ ዳር አሸዋ አስደፍቶ፣ አሸዋው ስንት ወር መንገድ ዘግቶ፣ እኔም በየቀኑ ስረግመው ነበር። መሪውን ጠመዘዝኩና ያ አሸዋ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ክርኔ ተላጠ፣ አፌ አሸዋ ሞላ። ከዚያ ወዲህ ያን ሰውዬ በጣም አከብረዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሸንጎ ተቀመጠ። አማቴ ከዘራቸውን ይዘው መጡ፤ ባለቤቴ ከሥራ አስፈቅዶ መጣ፤ እኔ ጉልበቴን በፋሻ ጠቅልዬ እንደ ተከሳሽ ተቀመጥኩ። አማቴ "ተርፈሻል፣ ተመስገን" አሉ። ከዚያ "በምን ምክንያት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"የፊቱ ፍሬን ካቦ ተበጠሰ" አልኩ።

"አላልኩም! የፊት ፍሬን ነገር!" ብለው ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱት።

እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም ብለን ብናልፈው ነገሩ ያልቅ ነበር። እሳቸው እንዳሉት ሆኖ፣ ሳይክሉ ተሰቅሎ፣ እኔ ሰልፌ ላይ ተመልሼ። ዕድሜ ልኩን ዝም ያለው ባለቤቴ ግን አፉን የሚከፍትበትን ቀን ሲመርጥ ያን ቀን መረጠ።

"እንዴ፣ አባባ ቅዳሜ አላልተውት የለ?" አለ። "የላላ ካቦ ደግሞ እንዴት ይበጠሳል?"

ባለቤቴን በዐይኔ ልበላው ደረስኩ። ጥያቄው ግን ትክክል ነበር፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ተናገርኩ። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ቅዳሜ የሚያላሉትን እሁድ እሁድ እኔ ነኝ የማጠብቀው። ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

አማቴ ተነሥተው ደጅ ወጡ፤ ሳይክሉ ጋ ጎንበስ ብለው ዳዶውን ፈቱና የተረፈውን ቁራጭ ካቦ ይዘው ተመለሱ። መነጽራቸውን አደረጉ። አውራ ጣታቸውን በሽቦው ላይ አስኬዱት።

"ይኼ የተጨፈለቀው የኔ ነው" አሉ። ጣታቸው ትንሽ አለፈና ሽቦው የተበጠሰበት ላይ ቆመ። "ይኼ ያንቺ ነው።"

አየሁት። አንዴ ታስሮ ቢተው ኖሮ ስንት ዓመት የሚቆየው ካቦ፣ በየሳምንቱ ሲፈታና ሲታሰር፣ ዳዶው እዚያው ላይ እየደጋገመ ሲነክሰው፣ ሽቦው አንድ በአንድ እየተቆረጠ አልቋል። የቀረችው አንዲት ሁለት ሽቦ ነበረች። እኔ ቁልቁለት የወረድኩት በእሷ ነው።

"ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"እንዴት አላውቅም? ሹፌር ነኝ እኮ። ቅዳሜ ያላላሁት ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጠብቆ ሲጠብቀኝ፣ በራሱ ጊዜ ጠበቀ ልበል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኼው ነው። እኔ እሳቸውን እንዳላስቀይም፣ እሳቸው እኔን እንዳያሳፍሩ፣ ስንከባበር ስንከባበር ካቦ በጠስን። ተናደድኩ። በእሳቸው ብቻ ሳይሆን በራሴም፣ በአምስት ወር ኩራቴም፣ ሻይ እየደገምኩ በዋጥኩት ቃል ሁሉ። ያ አሸዋ እዚያ ባይኖር፣ ይህ ሁሉ አክብሮት ለቀብሬ ንግግር ነበር የሚሆነው።

ባለቤቴ፣ አንዴ መናገር ጀምሯልና፣ "እንግዲያው ሳይክሉ ይቅር" አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

"ሳይክሉ አይቀርም" አልኩ። ከዚያ ወደ አማቴ ዞርኩ። "የሚቀረው የቅዳሜው ጥገና ነው፣ አባባ። ፍሬኑን ከእንግዲህ ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካው አልፈልግም።"

በትዳሬ ዘመን ለዚያ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አማቴ ቁራጩን ካቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቅዳሜ የረሱት ካቻቢቴያቸው መስኮቱ ላይ ነበር፤ አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት። "ደግ" አሉ። ሻይም አልጠጡ። ባለቤቴ ሊሸኛቸው ተከትሏቸው ወጣ።

በማግስቱ አየር ጤና ወርጄ አዲስ ካቦ ገዛሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ አስገባሁት፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው ተሳካልኝ። አሰርኩት፤ ዳግመኛም አልፈታሁትም። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ አይቶ አይቶ "ጎበዝ ነሽ" አለኝ፤ ተገርሞ። መንዳቴን የተቃወመ የለም። ፍሬኑ በሁለት ጣት ተነክቶ ይይዛል፤ ቁልቁለቱን እያፏጨሁ እወርዳለሁ። ያሸነፍኩ ይመስላል አይደል?

ቅዳሜ መጣ፤ አማቴ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ባለቤቴን ስጠይቀው "ደህና ናቸው፣ ጉንፋን ቢጤ ነው" ይለኛል። ጉንፋኑ አራት ሰዓት ሲሆን እኔንም ያመኝ ጀመር፤ ከጓዳ ብቅ እያልኩ በሩን አያለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ናፈቁኝ። ጥገናቸው ሳይሆን ሰውየው። በሦስተኛው ቅዳሜ ምን አደረግኩ? የአስር ቁልፌን ይዤ ደጅ ወጣሁና የኋላውን ፍሬን ላላላው ጎንበስ አልኩ። "አባባ፣ አቃተኝ፣ ይምጡልኝ" ብዬ ልደውልላቸው ነው እንግዲህ። ቁልፉ ዳዶው ላይ ገጥሞ ሳለ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጠባሳ አየሁትና በራሴ አፈርኩ። ሰው ከአንድ በሽታ ስንቴ ይታመማል?

ቁልፉን አስቀመጥኩ። ሳይክሉ ላይ ወጥቼ ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሄድኩ።

በሩን ሳንኳኳ ራሳቸው ከፈቱ። እኔን አዩ፤ ሳይክሉን አዩ፤ ፊታቸው በራ። "ፍሬኑ ነው?" አሉ። "ቆይ፣ መነጽሬን ላምጣ።"

"አይ አባባ፣ ፍሬኑ ደህና ነው።"

"የፊቱም?"

"የፊቱም።"

ፊታቸው ተመልሶ ጠቆረ። "ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?"

"ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

በሩን ይዘው ቆሙ። በዚያ ሁሉ ቅዳሜ ስለ ፍሬን እንጂ ስለሌላ ነገር አውርተን አናውቅማ። "ግቢ እንጂ፣ ምን ደጅ ያቆምሻል" አሉ በስተመጨረሻ። ገብተን ፊት ለፊት ተቀመጥን። እጃቸውን የሚያስቀምጡበት አጥተው ጉልበታቸውን ማሻሸት ጀመሩ። ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አልበላሁም አልኩ።

"እኔ እኮ" አሉ፣ ወለሉን እያዩ፣ "የሳይክል ፍሬን አላውቅም።"

"አውቃለሁ፣ አባባ" አልኳቸው።

ሳቁ። ባገባሁ ስንት ዓመቴ፣ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።